ስድስት ሳምንት ከምድር ታሪክ ጋር፦ አራት ኮከብ የሰጠሁት የኦንላይን ኮርስ

ኮርሱን ስጀምር እንደ ሌሎቹ የኦንላይን ኮርሶቼ ሁለተኛው ሳምንት ላይ የምተወው መስሎኝ ነበር። ያስቀረኝ የመጀመሪያው የቤት ሥራ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት። "እሳት የሚተፋ ተራራ በቋንቋዎ ምን ይባላል? ቃሉስ ከየት መጣ?" ቀላል ነው ብዬ "እሳተ ገሞራ" ጻፍኩና እጄ ቆመ። ገሞራ? የሰዶም ጎረቤት ገሞራ? ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው የኖርኩትን ቃል ያን ቀን ገና ሰማሁት። ተራራ በፈነዳ ቁጥር ዲንና እሳት የዘነበባትን ከተማ ስም እየጠራን ነው፣ ማናችንም ግን ልብ አንለውም።

ቪዲዮው ደግሞ የሌሎቹን አመጣ። አውሮፓውያኑ ቮልካኖ የሚሉት ቩልካን ከሚባለው የሮማውያን የእሳት አምላክ ነው። ከሲሲሊ በላይ ቩልካኖ የምትባል ደሴት አለች፣ ሮማውያን አንጥረኛው አምላክ ከሥሯ ተቀምጦ ብረት ይቀጠቅጣል ይሉ ነበር። ቻይኖችና ጃፓኖች ግን "እሳት" እና "ተራራ" የሚሉትን ምልክቶች ጎን ለጎን አድርገው ይገላገላሉ። አይስላንዶችም "የእሳት ተራራ" ነው የሚሉት። አምላክም የለ፣ ከተማም የለ። እኔማ ከዚያ በኋላ ቃላት መቆፈር ጀመርኩ። ጠፈር የምንለውን እዩት። ዘፍጥረት ላይ ውሃን ከውሃ እንዲለይ የተዘረጋው እሱ ነው። ዛሬ ሳተላይት የምንልክበትን ቦታ በዚያው ስም እንጠራዋለን፣ ወደዚያ የሄደውንም ሰው ጠፈርተኛ እንለዋለን። የጥንቱ የዓለም ካርታ አፋችን ውስጥ ቁጭ ብሏል ማለት ነው። የኮርሱ ዋና ሐሳብ ይሄው ነው፣ እኔም የተያዝኩት እዚሁ ላይ ነው።

ስለ አወቃቀሩ ባጭሩ። ስድስት ሳምንት ነው። በየሳምንቱ አጫጭር ቪዲዮዎች፣ የሚነበብ ጽሑፍና አንድ ኩዊዝ አለ። መጨረሻ ላይ ድርሰት ትጽፋላችሁ፣ የሚያርሙላችሁ ደግሞ አብረዋችሁ የሚማሩት ሰዎች ናቸው። ርዕሱ የተለያዩ ሕዝቦች ስለ ዓለም አፈጣጠርና አቀማመጥ ያላቸው እምነት የሥነ ምድርን ታሪክ እንዴት እንደቀረጸው ነው። ጂኦሎጂ ሳታውቁ መግባት ትችላላችሁ። እኔ ከትምህርት ቤት የቀረችኝ ሦስት የድንጋይ ዓይነት አለ የምትለዋ ብቻ ናት፣ እሷም በቅታኛለች። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፣ ቅሬታ ስላለኝ። ቅሬታው ወደ ታች ይመጣል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ቀሪው ግሪኮች ናቸው፣ እሱን ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚገኝ ነገር ነው። ምድርን የሚያነቃንቀው የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ነው ይሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አርስቶትል መጣና የለም፣ ምድር ውስጥ የታፈነ ነፋስ መውጫ ሲያጣ ነው አለ። ተሳስቷል። ስህተቱም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቆየ። ከእሱ የወሰድኩት ግን ሌላ ነው። አርስቶትል ዓለም መጀመሪያም መጨረሻም የላትም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ባሕር የነበረው የብስ ይሆናል፣ የብሱም ባሕር ይሆናል ሲል ጊዜ አላጠረውም። የፈለገውን ያህል ዓመት ኪሱ ውስጥ ነበረው። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ ይመለሳል።

ሁለተኛው ሳምንት ቻይና ነው። እዚህ ላይ ኮርሱ ሌላ ነገር ሆነ። ለሰርተፍኬት ብላችሁ የምትወስዱት ከሆነም ይሄን ሳምንት እንዳትዘሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥንታዊት ቻይና ንጉሥ የሚነግሠው በሰማይ ሹመት ነው። ሰማይ ከተቀየመው ምልክት ይልካል፤ ግርዶሽ፣ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ። ስለዚህ ምድር በተንቀጠቀጠች ቁጥር ጉዳዩ የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው። የት? መቼ? ስንት ቤት ፈረሰ? ስንት ሰው ሞተ? ባለሥልጣን ቁጭ ብሎ ይመዘግባል። ንጉሡን ፊት ለፊት መውቀስ የማይችል አማካሪም የመሬት መንቀጥቀጡን አሳብቦ አስተዳደርዎን ያስተካክሉ ይላል። እንግዲህ ምክንያቱን ስታዩት ሳይንስ አይደለም። ውጤቱን ስታዩት ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ መዝገብ ነው! የ1556ቱን የሻንሺ መንቀጥቀጥ 830,000 ሰው ገደለ ብለን የምንናገረው በዚያ መዝገብ ነው። ሰዉ ደለል በመሰለ ለስላሳ ኮረብታ ውስጥ ቤት ፈልፍሎ ይኖር ነበር፣ ኮረብታው ተናደ። በ1950ዎቹ ደግሞ የቻይና ሊቃውንት ፋብሪካ የት ይተከል፣ የት አይተከል የሚለውን ለመወሰን እነዚያን አሮጌ መዛግብት ገልብጠው የመንቀጥቀጥ ካታሎግ አዘጋጁ። የንጉሥን ኃጢአት ለመቁጠር የተጻፈው ለመሐንዲስ ዋለ።

አስተማሪዋ ይሄን ስትናገር ቪዲዮውን አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ ጨዋታው ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ ባንድ ወገን እምነት፣ በሌላው ሳይንስ፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ሲያሸንፍ። እዚህ ግን እምነቱ የሰጠው መልስ ሳይሆን ለመጻፍ የሚያበቃ ምክንያት ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ ዝም የሚል እምነት ቢሆን ኖሮ ማን ይጽፈው ነበር?

ዣንግ ሄንግ የሚባለው ሰውዬ ደግሞ በ132 ዓ.ም. መሣሪያ ሠራ። ከነሐስ የተሠራ ትልቅ ማሰሮ ነገር፣ በዙሪያው አፋቸው ኳስ የጎረሰ ስምንት ዘንዶዎች፣ ከሥራቸው አፋቸውን የከፈቱ ስምንት ጉርጦች። ንዝረት ሲመጣ ከአንዱ ዘንዶ አፍ ኳስ ይወድቃል። በ138 ዓ.ም. ኳስ ወደቀ፣ ዋና ከተማው ውስጥ ግን ማንም ምንም አልተሰማውም፣ ሰዉ መሣሪያውን ተጠራጠረው። ከቀናት በኋላ ከሎንግሺ መልእክተኛ መጥቶ መንቀጥቀጥ ነበር አለ። ዕቃው ዛሬ የለም፣ ሙዚየም ውስጥ የምታዩት ሁሉ በመላ ምት የተሠራ ነው፣ አስተማሪዋም ይሄን ሳትሸፍን ተናግራለች። ደስ ያለኝ ግን የመሣሪያው ጥያቄ ነው። "ለምን ተንቀጠቀጠ?" አይልም። "የት ተንቀጠቀጠ?" ነው የሚለው። መልእክቱ ከየትኛው ክፍለ ሀገር እንደመጣ ማወቅ ለሚፈልግ ቤተ መንግሥት ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው።

ሼን ክዎንም ከዚሁ ሳምንት ነው የተዋወቅሁት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ባለሥልጣን ነው። በታይሃንግ ተራሮች ገደል ላይ የዛጎል ድርድር አይቶ፣ ከባሕሩ እጅግ የራቀውን ያን ቦታ "ይሄ ድሮ የባሕር ዳር ነበር" አለ፣ ሜዳውንም ወንዞች ያመጡት ደለል ነው የሞላው አለ። ቀርከሃ በማይበቅልበት አገር ከመሬት በታች ድንጋይ የሆነ ቀርከሃ ተገኘ ሲባል ደግሞ ድሮ የአገሩ አየር ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ ጻፈ። ለምን አልደነገጠም? ቻይኖች ማ ጉ የምትባል የማትሞት ሴት ተረት አላቸው። የምሥራቁን ባሕር ሦስት ጊዜ የእንጆሪ እርሻ ሲሆን አይቻለሁ ትላለች። እንዲህ እየተባለ ያደገ ሰው ተራራ ላይ ዛጎል ቢያገኝ ራሱን አይይዝም። ኮርሱ ይሄን ግንኙነት እንደ ተረጋገጠ ነገር አላቀረበውም፣ እኔ ግን ያስኬዳል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ሳምንት ከባግዳድ እስከ መካከለኛው እስያ ያለውን የእስልምና ዓለም ይዞ መጣ፣ ቪዲዮዎቹ ግን አራት ብቻ ናቸው። ተበሳጨሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የሚጥመው ይሄ ነበር። ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና ተራራ በሁለት መንገድ ይሠራል ይላል፤ ወይ በመንቀጥቀጥ መሬቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ወይ ውሃና ነፋስ ለስላሳውን እየበሉ ጠንካራውን ይተዉታል። ይሄም እጅግ ረጅም ዘመን ይፈጃል ይላል። ሰውየው የሞተው በ1037 ነው! ጽሑፉ በ1200 ገደማ ወደ ላቲን ተተረጎመና ከአርስቶትል መጽሐፍ ጋር ተያይዞ ዞረ፣ ብዙ አውሮፓዊም የአርስቶትል መስሎት አነበበው። ሥራው የኢብን ሲና፣ ስሙ የአርስቶትል። አል ቢሩኒ ደግሞ ሕንድን አይቶ፣ ተራራው አጠገብ ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ ከተራራው እየራቃችሁ ስትሄዱ ያንሳል፣ መጨረሻ ላይ አሸዋ ይሆናል፣ እንግዲህ ይሄ ሜዳ ድሮ ባሕር ነበር፣ ወንዞች ሞሉት አለ። እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ አይቶ። ሁለቱ ደብዳቤ ይጻጻፉና ይከራከሩ እንደነበር ኮርሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። አንድ ዓረፍተ ነገር! አንድ ሙሉ ቪዲዮ የሚያወጣ ጸብ ነው።

አራተኛው ሳምንት አውሮፓ ነው፣ ከሁሉም ረጅሙ። መጀመሪያ ጳጳሱ ጄምስ አሸር። በ1650 ባሳተመው ሥራው ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004፣ ጥቅምት 23 ዋዜማ ማታ ነው አለ። ሰዉ የሚስቅበት ሰው ነው፣ እኔም ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አስተማሪዋ ግን አላሳቀችንም። አሸር የመጽሐፍ ቅዱስን ትውልድ ቆጥሮ ብቻ አልተቀመጠም፣ ከፋርስና ከባቢሎን ታሪክ ጋር እያመሳከረ ነው የሠራው። ኬፕለርም ኒውተንም ወደ 4000 የሚጠጋ ቁጥር ነው ያወጡት። እዚህ ላይ ለኛ አንባቢ የሚገርም ነገር አለ፣ ኮርሱ ያላነሳው። እኛ የለመድነው 5500 ነው፣ አይደል? ልዩነቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ የሰባ ሊቃናት ትርጉም የአበውን ዕድሜ ከዕብራይስጡ ይልቅ ረዘም አድርጎ ነው የሚቆጥረው። አንድ ዓይነት ስሌት፣ ሁለት የተለያየ መጽሐፍ፣ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ልዩነት። ይሄን ቢጨምሩት ምን ነበረበት።

የመጽሐፍ ቅዱሱ አቆጣጠር ለሥነ ምድር ምን አደረገ የሚለው ላይ ክርክሩ እንዲህ ነው፤ ዓመቱ አጭር ቢሆንም ዓለም ታሪክ አላት አለ። መጀመሪያ ይሄ፣ ከዚያ ያ፣ ከዚያ ጎርፉ። ለአርስቶትል ምድር ትለዋወጣለች እንጂ ታሪክ የላትም፣ ለአሸር ግን ቀን ተቆርጦላታል። የዴንማርኩ ኒልስ ስቴንሰን፣ ስቴኖ የሚባለው፣ በ1666 ፍሎረንስ ውስጥ የትልቅ ሻርክ ጭንቅላት ከፍቶ ሲያይ ጥርሱን ከዚህ በፊት አይቶታል። ሰዉ "የምላስ ድንጋይ" የሚለው ነው፤ ከሰማይ የወደቀ ወይም ድንጋይ የሆነ የእባብ ምላስ ነው የሚባለው። እሱ የለም፣ የሻርክ ጥርስ ነው፣ ጥያቄው አለት ውስጥ እንዴት ገባ ነው አለ። በ1669 መልሱን ጻፈ፤ ደለል በደለል ላይ ይነጠፋል፣ የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል። ዛሬ የትኛውም ጂኦሎጂስት ገደል ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያስባት ነገር ይህች ናት። ስቴኖ የቶስካናን ምድር በስድስት ደረጃ ሲከፍል አንዷን ለኖኅ ውሃ አደረጋት፣ ምንም አልጨነቀውም። በኋላ ጳጳስ ሆነ፣ በ1988 ደግሞ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላዋለች። ከቄስ ቤት ያልወጣ ጂኦሎጂ ፈልጉ ብትሉኝ ይቸግረኛል።

ሃተን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። የስኮትላንዱ ጄምስ ሃተን በ1788 "የመጀመሪያ ምልክት አናይም፣ የመጨረሻም ተስፋ የለም" ብሎ የጻፈው ነው። በዚያው ዓመት በጀልባ ሲካር ፖይንት ወደሚባል የባሕር ዳር ገደል ሄዶ፣ ቀጥ ብለው በቆሙ አለቶች ላይ ሌላ አለት ተጋድሞ አሳየ፤ የታችኛው ተነጥፎ፣ ጠንክሮ፣ ቆሞ፣ ተሸርሽሮ፣ ከዚያ ነው የላይኛው የመጣው። አብሮት የነበረው ፕሌይፌር የዘመኑን ጥልቀት ሲያይ አእምሮዬ ዞረ ብሏል። ብዙ ሰው ሃተንን ሃይማኖትን የጣለ አድርጎ ያስበዋል፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው። ግን እሱም እምነት ነበረው። አምላክ ምድርን ለኑሮ የምትሆን ማሽን አድርጎ ሠራት ባይ ነው። አፈሩ ታጥቦ ወደ ባሕር ይሄዳል፤ ይሄ ብቻ ቢሆን ምድር ታልቃለች፤ ጥበበኛ ፈጣሪ ደግሞ የሚያልቅ ነገር አይሠራም፤ እንግዲያው አዲስ የብስ ከታች የሚያነሣ ነገር መኖር አለበት። ከዚህ ተነሥቶ ነው ወደ ድንጋዩ የሄደው። ድንጋዩም አላሳፈረውም።

ስለ ፖርቱጋሏ ሊዝበን የሚያወራው ክፍል አሥር ደቂቃ ነው፣ ግን በደንብ የተሠራ ነው። ኅዳር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያለ ምድሪቱ ተናወጠች፣ ከዚያ እሳት፣ ከዚያ ሱናሚ። ማላግሪዳ የሚባል የኢየሱሳውያን ካህን የእግዚአብሔር ቁጣ ነው ብሎ ሰበከ፣ ሚኒስትሩ ፖምባል ግን ለየደብሩ መጠይቅ ላከ። ስንት ደቂቃ ቆየ? ባሕሩ መጀመሪያ ከፍ አለ ወይስ ሸሸ? መሬት ተሰነጠቀ? መጠይቁን የሞሉት እነማን ናቸው? ቄሶች! አንዱ ቄስ ቁጣ ነው ሲል ሌሎቹ ቁጭ ብለው ሞገድ ይመዘግባሉ። ማላግሪዳ በ1761 ተገደለ፣ መልሶቹ ግን ዛሬም ቤተ መዛግብት ውስጥ አሉ።

አምስተኛው ሳምንት በአፍ የሚተላለፍ ዕውቀት ነው። እኔ ብዙ የጠበቅኩት እዚህ ነበር፣ ያገኘሁት ግን ግማሹን ነው።

ጥሩው ክፍል በጣም ጥሩ ነው። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦች የነጎድጓድ ወፍና የዓሣ ነባሪ ጸብ ይተርካሉ፤ ሲታገሉ ምድር ትናወጣለች፣ ባሕር ይመጣል። አንዳንዱ ተረት በክረምት ሌሊት መንደር እንደተጠረገ ይናገራል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቲስቱ ያ ጠረፍ ትልቅ መንቀጥቀጥ አያውቅም ብሎ ያስብ ነበር። በ1980ዎቹ ብራያን አትዋተር የሚባል ጂኦሎጂስት በአንድ ጊዜ ሰምጦ በባሕር ውሃ የሞተ ደን አገኘ። የዛፎቹ ቀለበት በ1699 እና በ1700 መካከል ባለው ክረምት ሞቱ ይላል። በሌላ በኩል ጃፓን ውስጥ በጥር 1700 ምንም መንቀጥቀጥ ሳይሰማ ሱናሚ መጥቶ ነበር፤ የአካባቢው ሹማምንት ጉዳቱን ጽፈውታል፣ ከየት እንደመጣ ግን ለሦስት መቶ ዓመት ማንም አላወቀም። ሁለቱን ሲገጥሙት ጥር 26 ቀን 1700 ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ መጠኑ 9 የሚጠጋ መንቀጥቀጥ ሆነ። ተረት፣ ዛፍና የመንግሥት ደብተር ተጋግዘው ሰዓቱን አወጡት። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት።

የሲመሉዌ ደሴትም አለ። ኢንዶኔዥያ ነው። በ1907 ሱናሚ ፈጃቸው፣ ለነገሩም "ስሞንግ" የሚል ስም አወጡለት፣ ለልጆቻቸው በእንጉርጉሮ አስተማሩት፤ ምድር በብርቱ ከተናወጠች በኋላ ባሕሩ ከሸሸ ወደ ኮረብታ ሩጡ። ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 መንቀጥቀጡ የተነሣው ከእነሱ አጠገብ ነበር። ከ78,000 የሚሆን ሕዝብ የሞተው 7 ሰው ነው። እዚህ ላይ አስተያየት የለኝም።

የሃዋይዋ ፔሌም ደስ ትላለች። እህቷ የባሕር አምላክ ናት፣ እያሳደደቻት ፔሌ ከካዋይ ተነሥታ ደሴት በደሴት ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትሸሻለች፣ በሄደችበት ሁሉ የእሳት ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ መጨረሻ ኪላዌያ የሚባለው እሳተ ገሞራ ላይ ተቀመጠች። የደሴቶቹ ዕድሜም በዚያው ቅደም ተከተል ነው። በ1963 ቱዞ ዊልሰን ከታች ያለው ትኩስ ቦታ ባለበት ሆኖ ከላይ የምድር ቅርፊት እንደሚንሸራተት አስረዳ። የደሴቶቹን መሸርሸር ዓይናቸው እያየ የኖሩ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ማወቃቸው ተአምር አይደለም፣ ማስተዋል ነው። አስተማሪዋም ይህንኑ ነው ያለችው፣ ምስጋና ይግባት።

መጥፎው ደግሞ የጃፓኑ ክፍል። ከመሬት በታች ያለው ግዙፍ ዓሣ፣ ናማዙ፣ ሲገላበጥ ምድር ትናወጣለች፤ የካሺማ አምላክ በድንጋይ ጫን አድርጎ ይዞታል። በ1855 ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ በመንቀጥቀጥ ስትመታ ይሄ ዓሣ ያለባቸው ሥዕሎች ከተማውን ሞሉት፣ አናጺና ግንበኛ ዓሣውን ሲያመሰግን የሚያሳዩም አሉ፣ ሥራ ስለበዛላቸው። ግሩም ጨዋታ ነው። ግን ከሳይንሱ ጋር ምን አገናኘው? ኮርሱ አላገናኘውም። ሥዕሎቹን አሳየንና አለፈ። ዛሬም ጃፓን ውስጥ በአደጋ ጊዜ የሚዘጉ መንገዶች ምልክት ላይ ይሄው ዓሣ አለ፣ እሱን እንኳን እኔ ራሴ ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

ስድስተኛው ሳምንት ወደ ዘመናችን ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ምርጥና አንድ ያበሳጨኝ ነገር አለ።

ምርጡ ብሬትዝ ነው። ሃርለን ብሬትዝ በ1923 የዋሽንግተን ግዛትን የተቦረቦረ ምድር አይቶ ይሄን ያደረገው አንድ ግዙፍ ጎርፍ ነው ብሎ ጻፈ። ወረዱበት። ለምን? የዘመኑ ጂኦሎጂ ከኖኅ ውሃ ለመላቀቅ መቶ ዓመት ታግሏል። ሁሉ ነገር ቀስ በቀስ ነው የሚሆነው ተብሎ ተምሯል። ታላቅ ጎርፍ የሚል ሰው ሲመጣ የድሮው ስብከት ሸተታቸው። በኋላ ግን የበረዶ ግድብ ሲሰበር የለቀቀው የሞንታና ሐይቅ ውሃ እንደሆነ ታወቀ፣ ብሬትዝም በ1979 የአሜሪካ ጂኦሎጂስቶችን ትልቁን ሜዳሊያ ወሰደ። በኮርሱ ውስጥ ከሰማሁት ሁሉ ይሄ ነው የከነከነኝ። ተረት የላቸውም የተባሉት ሰዎች ተረት ነበራቸው፣ ስሙ ብቻ ነው ሌላ። እና እስቲ እዩት፣ ሂማላያ ላይ የባሕር እንስሳ ቅሪት የተወውን የጥንት ባሕር ቴቲስ አሉት፣ የግሪኮች አምላክ ናት። የምድርን የመጀመሪያ ዘመን ደግሞ በግሪኮቹ ሲኦል፣ በሃዴስ ስም ጠሩት። እኛን ገሞራ ላይ ብቻችንን አልተዉንም።

ያበሳጨኝ ኩዊዙ ነው። ጥያቄው "የምድርን ትክክለኛ ዕድሜ ከሳይንስ በፊት ያሰላው የየትኛው ሕዝብ ሥነ ፍጥረት ነው?" ይላል። እኔ "አንዳቸውም" አልኩ። ተሳስተሃል አለኝ። መልሱ ሕንዶች ነው፣ ምክንያቱም ካልፓ፣ ማለትም የፈጣሪው አምላክ የብራህማ አንድ ቀን፣ 4.32 ቢሊዮን ዓመት ነው፣ ምድር ደግሞ 4.54 ቢሊዮን። እንዴ! ካልፓ የዑደት ርዝመት ነው እንጂ ያለፈ ዕድሜ አይደለም። በራሳቸው በሕንዶቹ ቆጠራ ከዚህ ካልፓ እስካሁን ያለፈው 1.97 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከቀኑ በኋላ ደግሞ እኩል ርዝመት ያለው ሌሊት አለ፣ ቀንና ሌሊቱ ተደማምሮ ዓመት ይሆናል፣ ብራህማም መቶ ዓመት ይኖራል። ከዚህ ሁሉ ቁጥር አንዱን መርጦ "ገጠመ" ማለት ምን ይሉታል? ምድር 4.55 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ናት የሚለው ቁጥር የመጣው በ1956 ክሌር ፓተርሰን በሰማይ ድንጋይ ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚባል ብረት ለክቶ ነው። የሕንዶቹ ነገር የሚደነቀው በሌላ ነው፤ አውሮፓ በስድስት ሺህ ዓመት ታጥራ ሳለ እነሱ በቢሊዮን ማሰብ ይችሉ ነበር። ይሄ ብቻውን በቂ ነው፣ ቁጥር ማስገጠም አያስፈልግም። አምስት ሳምንት ሙሉ "አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር" ከሚል ወሬ ሲጠብቀን የኖረ ኮርስ መጨረሻው ላይ ራሱ ገባበት።

ሌሎች ቅሬታዎች፣ ቶሎ ቶሎ። የግርጌ ጽሑፉ በማሽን የተሠራ ነው፣ የቻይና ስሞችን ሁሉ አበላሽቷቸዋል፣ ሼን ክዎን በአንድ ቪዲዮ ውስጥ በአራት ዓይነት ስም አየሁት። ኔት ሲቆራረጥ ድምፁን ብቻ አውርዶ ማዳመጥ አይቻልም። ድርሰቱን የሚያርሙት ሰዎች ዕድል ናቸው፤ ስለ ገሞራና ጠፈር የጻፍኩትን አንዱ አራት መስመር አስተያየት ሰጥቶ አከበረኝ፣ ሌላኛው "ጥሩ" ብሎ ከአሥር ስድስት ሰጠኝ። ለምን ስድስት? እንጃ። መጽሐፈ ሄኖክም ጭራሽ አልተነሣም፤ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮች፣ የነፋሳትን አሥራ ሁለት በሮች የሚቆጥር፣ ሙሉው በግዕዝ ብቻ የተረፈ መጽሐፍ ነው። እርግጥ ከድንጋይ ይልቅ ወደ ሰማይና ወደ ዘመን አቆጣጠር ያደላል፣ ግን ስለ ዓለም አቀማመጥ ስድስት ሳምንት አውርተው አንድ ጊዜ አለመጥራታቸው አስቀይሞኛል።

ለማን ይሆናል? ታሪክ ለሚወድ፣ ድንጋይ ለሚወድ፣ ቃል ለሚወድ። ጂኦሎጂ በሚገባ ለመማር ከሆነ ግን አይሆንም፣ የቅርፊት እንቅስቃሴ የሚባለው እንኳን በአንድ ቪዲዮ ነው የታለፈው። ጊዜ ካጠራችሁ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ሳምንት እዩ፣ ከስድስተኛው ብሬትዝን ብቻ ውሰዱ።

አምስተኛዋን ኮከብ የያዝኩት በኩዊዙ ጥያቄ ነው። ካልፓውን አስልቼ፣ የቀረውን የብራህማ ቀን ሳይቀር በቢሊዮን ጽፌ ለድጋፍ ክፍሉ ላክሁ። በማግስቱ "መልእክትዎ ደርሶናል፣ በቅርቡ እንመለስበታለን" የሚል ኢሜይል መጣ። ሁለት ወር ሆነው። "በቅርቡ" ያሉት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አላወቅኩም።